30 ዓመት ለሞላው መኪና ጀርመን ውስጥ የቱ ታርጋ ያዋጣል?

ጀርመን ውስጥ መኪና 30 ዓመት ሲሞላው ለባለቤቱ አራት በር ይከፈትለታል። እንደ ማንኛውም መኪና በመደበኛ ታርጋ መቀጠል ይችላል። መጨረሻው ላይ ኤች ፊደል ያለበትን የታሪካዊ መኪና ታርጋ ማውጣት ይችላል። ያንኑ የኤች ታርጋ በዓመት ለተወሰኑ ወራት ብቻ ማድረግ ይችላል። አለዚያም በ07 የሚጀምረውን ቀይ ታርጋ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ዕድሜው እንደሞላ ወደ ኤች ይሮጣል። ለቮልስና ለድሮ የመርሴዲስ ናፍጣ ሩጫው ልክ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለተሠራ የቤንዚን መኪና ግን ብዙ ጊዜ ገንዘብ መጣል ነው። (እዚህ የተጻፉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዕድሜ በሩን ይከፍታል እንጂ ምርጫውን አይወስንም። የሚወስኑት የሞተሩ መጠን፣ የጭሱ ደረጃና መኪናው ለምን እንደሚነዳ ናቸው።

ሊብሬው ላይ ያሉት ሦስት ቦታዎች

ከመኪናው ጋር የሚያዘውን የሊብሬውን ክፍል አንድ ያውጡና ሦስት ቦታ ይመልከቱ። “ቢ” የሚለው ቦታ መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበበትን ቀን ይዟል። 30 ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚህ ቀን ነው፤ ሻጩ “ሞዴሉ የዚህ ዓመት ነው” ማለቱ አይጠቅምም። “ፒ.1” የሞተሩን መጠን በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይናገራል። “14.1” ደግሞ የጭስ ደረጃ ኮዱ ነው፤ ኮዱን ለምዝገባ ቢሮው ወይም ለመርማሪው ቢያሳዩት የትኛው ደረጃ እንደሆነ ወዲያው ይነግርዎታል።

ግብሩ በቁጥር

በኤች ታርጋ ለሚሄድ ማንኛውም የቤት መኪና የዓመት ግብሩ አንድ ነው፤ 191.73 ዩሮ። ሞተሩ ትንሽ ሆነ ትልቅ፣ ቤንዚን ሆነ ናፍጣ ልዩነት የለውም። ሞተር ብስክሌት 46.02 ዩሮ ይከፍላል። በመደበኛ ታርጋ ግን ግብሩ ለእያንዳንዱ 100 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሰላል፤ የተረፈው ቁራጭ ወደላይ ይሞላል። ስለዚህ 1192 የሆነ ሞተር እንደ 12 መቶ ይቆጠራል። በየመቶው የሚከፈለው እንዲህ ነው (“ዩሮ 1” እና “ዩሮ 2” የጭስ ደረጃ ስሞች እንጂ ገንዘብ አይደሉም)፦

ካታላይዘር (ጭሱን የሚያጸዳ መሣሪያ) የሌለው ቤንዚን 25.36 ዩሮ፣
የዩሮ 1 ደረጃ ቤንዚን 15.13፣
የዩሮ 2 ደረጃ ቤንዚን 7.36፣
ምንም የጭስ ማጥሪያ የሌለው ናፍጣ 37.58፣
የዩሮ 2 ደረጃ ናፍጣ 16.05።

አሁን ወደ መኪናዎቹ እንምጣ። 1200 ቮልስ በመደበኛ ታርጋ 12 ጊዜ 25.36፣ ማለትም 304.32 ዩሮ ይከፍላል። 1584 ኪዩቢክ ያለው 1600 ቮልስ 405.76 ይደርሳል። አዲስ አበባ ታክሲ ሆኖ ስንት ዓመት ያገለገለው የመርሴዲስ 123 ቤተሰብ ከሆነ ልዩነቱ ያስደነግጣል። 200 ናፍጣው 751.60፣ 240 ናፍጣው 901.92 ዩሮ ይጠየቃል። ኤች ላይ ሁሉም 191.73 ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ የሚጀምረው አሁን 30 ዓመት እየሞላቸው ባሉት መኪናዎች ላይ ነው። 1800 ሞተር ያለው የዩሮ 2 ደረጃ ጎልፍ 3 በመደበኛ ታርጋ የሚከፍለው 132.48 ዩሮ ብቻ ነው። ኤች ካወጣ በየዓመቱ 59 ዩሮ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ የግምገማውና የአዲሱ ታርጋ ወጪ አለ። በዩሮ 2 ደረጃ እስከ 2600 ኪዩቢክ ድረስ መደበኛው ታርጋ ይረክሳል፤ 2600 ላይ 191.36 ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ኤች ያሸንፋል። በዩሮ 1 ደረጃ ድንበሩ 1200 ኪዩቢክ ነው። ያው ጎልፍ ዩሮ 1 ደረጃ ቢሆን 272.34 ስለሚከፍል ኤች ይሻለዋል። የዩሮ 1 መኪና ያለው ሰው ግን ሌላም አማራጭ አለው። ለብዙ የዚያ ዘመን ሞተሮች ቀዝቃዛ ሲነሱ ጭሳቸውን የሚቀንስ ትንሽ መሣሪያ ይሸጣል። ተገጥሞ ሊብሬው ላይ ከተመዘገበ መኪናው ወደ ዩሮ 2 ይወጣል፣ ኤችም አያስፈልገውም።

ካታላይዘር በሌላቸውም ዘንድ ከሕጉ የሚወጡ ጥቃቅኖች አሉ። ፊያት 500 በመደበኛ ታርጋ 126.80፣ የምሥራቅ ጀርመን ሥሪት የሆነው ትራባንት 152.16 ዩሮ ነው የሚከፍሉት፤ ሁለቱም ከኤች ያንሳሉ። አገር ቤት የምናውቀው ፊያት 600 በ767 ኪዩቢክ ሞተሩ 202.88 ስለሚደርስ ለጥቂት ወደ ኤች ያደላል።

ግብሩ የማይናገረው፦ ከተማ መግባት

ትራባንቱ በግብር ቢያሸንፍም በርሊን መሃል መግባት አይችልም። ከ2008 ጀምሮ በርካታ የጀርመን ከተሞች ጭሱ አነስተኛ መሆኑን የሚያሳይ አረንጓዴ ተለጣፊ የሌለው መኪና የማይገባበት ክልል አበጅተዋል፤ በርሊን፣ ኮሎኝ፣ ፍራንክፈርትና ሙኒክ በዚህ ውስጥ ናቸው። ተለጣፊ ሳይኖረው የተገኘ 100 ዩሮ ይቀጣል። ካታላይዘር የሌለው ቤንዚን ተለጣፊውን አያገኝም፤ የጥላሸት ማጣሪያ የሌለው አሮጌ ናፍጣም እንዲሁ። የኤች ታርጋና ቀዩ 07 ከዚህ ደንብ ነፃ ናቸው። ነፃ የሚያደርገው ታርጋው እንጂ ዕድሜው እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ የ50 ዓመት መኪና በመደበኛ ታርጋ ቢገባ ይቀጣል።

በአንጻሩ ከፋብሪካው ካታላይዘር ይዞ የወጣ የዩሮ 1 ቤንዚን መኪና አረንጓዴውን ያገኛል። ስለዚህ ለ1990ዎቹ ቤንዚን መኪና ኤች በከተማ መግቢያ የሚጨምርለት ነገር የለም። በግብርም ካልጠቀመ ጥቅሙ ፊደሏ ታርጋው ላይ ማማሯ ብቻ ነው።

ኤች ምን ይጠይቃል

የኤች ታርጋ በ1997 የመጣ ነው። የሚሰጠው በመንገድ ትራፊክ ፈቃድ ደንቡ አንቀጽ 23 መሠረት ሥልጣን ያለው መርማሪ መኪናውን ገምግሞ ሲያጸድቅ ነው። ቱፍ፣ ዴክራ፣ ጌ-ቴ-ኡ-ኤ እና ኩስ የተባሉት የመኪና መርማሪ ድርጅቶች ይህን ይሠራሉ። ሦስት ነገር ያያሉ፦ 30 ዓመት መሙላቱን፣ በአብዛኛው እንደ ጥንቱ መሆኑንና በደህና ሁኔታ መጠበቁን። ሁኔታው ከ1 እስከ 5 በሚሄደው የደረጃ ምዘና (1 ምርጡ ነው) 3 ወይም ከዚያ የተሻለ መሆን አለበት። የደበዘዘ ቀለም፣ ያረጀ ወንበር፣ ትናንሽ ጭረት አይጥሉም። የዘለቀ ዝገት፣ ያልተጠገነ የግጭት ጠባሳና የጎደለ ዕቃ ይጥላሉ።

“እንደ ጥንቱ” የሚለው ብዙ ሰው የሚፈራውን ያህል ጠባብ አይደለም። መኪናው ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 10 ዓመታት የተደረገ ወይም ሊደረግ ይችል የነበረ ለውጥ ይፈቀዳል። ስለዚህ 1200 ቮልስ ላይ የ1600 ሞተር መግጠም፣ የፊት ታምቡሩን አውጥቶ ከዚያው ቤተሰብ የዲስክ ፍሬን ማድረግ፣ 6 ቮልቱን ወደ 12 ቮልት መቀየር ያስኬዳል፤ ሞተሩና ፍሬኑ ሊብሬው ላይ መመዝገብ ግን አለባቸው። ቀበቶ መጨመር ይፈቀዳል። ቀለሙ የፋብሪካው የመጀመሪያ ቀለም እንዲሆን አይገደድም፤ በዘመኑ ይቀባ የነበረ ዓይነት ከሆነ ይበቃል። የሚጥሉት የዛሬ ዕቃዎች ናቸው፦ ትልልቅ ዘመናዊ ቸርኬ፣ ፈቃድ የሌለው የኤልኢዲ መብራት፣ ዝቅ እንዲል የተቆረጠ ሞላ፣ ከሌላ ዘመን የመጣ ሞተር።

ዋናው ነጥብ ኤች ከምርመራ ነፃ አያወጣም። በእንግሊዝ ከግንቦት 2018 ወዲህ 40 ዓመት የሞላውና መሠረቱ ያልተቀየረ መኪና ዓመታዊ ምርመራው ቀርቶለታል። ይህን የሰሙ ሰዎች ጀርመንም እንደዚያ ይመስላቸዋል። አይደለም። የኤች መኪና እንደ ማንኛውም መኪና በየ24 ወሩ ዋናውን ምርመራ ያልፋል፤ መርማሪውም በእግረ መንገዱ ኤች መያዙ አሁንም የሚገባው መሆኑን ያያል። አገር ቤት በየዓመቱ ለቦሎ ከመሰለፍ ይሻላል፣ የመርማሪው ዓይን ግን ይበልጥ ጥብቅ ነው።

ምርመራው ላይ ምን ይጥላል

ቮልስ ላይ መርማሪው በመጀመሪያ የሚጎነብሰው በሮቹ ሥር ነው። የሞቃት አየር መተላለፊያው እዚያ በሁለቱም ጎን ያልፋል፤ ያ ሳጥን የሰውነቱ ምሰሶም ስለሆነ ከውስጥ ከዛገ መኪናው ይላላል። ቀጥሎ ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የተቀመጠበት የወለል ላሜራ ይታያል፤ አሲድ እየተንጠባጠበ ይበላዋል። ከዚያ የፊት አክስሉ የሚታሰርበት የሻንሲ ራስ አለ። እነዚህን ቦታዎች በስቱኮ መድፈን አያሳልፍም፤ መርማሪዎች በማግኔትና በመዶሻ ያውቁታል። የዛገው ተቆርጦ መውጣትና አዲሱ ላሜራ ዙሪያውን ያለ ክፍተት መበየድ አለበት። በዛገው ላይ ሌላ ላሜራ መደረብ ከስቱኮ አይለይም፤ ውሃ በመካከል ይይዛል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱም ይበሰብሳሉ።

ቀጥሎ ብዙ የሚጥለው ፍሬን ነው። ለዓመት የቆመ መኪና የጎማ ውስጥ የፍሬን ሲሊንደሮቹ ይነክሳሉ፤ አንዱ ጎማ ይይዛል፣ ሌላው አይይዝም። በፍሬን መለኪያው ሮለር ላይ በአንድ አክስል ግራና ቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ከ25 በመቶ ካለፈ መኪናው ይወድቃል። የፍሬን ሸራው ዘይት ከነካው ማጽዳት ዋጋ የለውም፤ በሁለቱም ወገን ይቀየር። የፍሬን ዘይት ውሃ ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፤ ከምርመራው ጊዜ ጋር ስለሚገጥም ለማስታወስም ይቀላል። የተሰነጠቀ የፍሬን ጎማ ቱቦ ወዲያው ይጥላል። የቤንዚን ቱቦውንም አብሮ መቀየር ነው። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ አንድ የላላ ቱቦ ነዳጁን የጋለ ሞተር ላይ ያፈሰዋል፤ ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው።

መርሴዲስ 123 ላይ ክሪክ የሚገባባቸው ቦታዎች፣ የፊት ጎማ ቤቱ የላይኛው ክፍልና የፊት መስታወቱ ሥር ይዝጋሉ። የመሪ ቴስቲናዎችና የእጅ ፍሬኑ ገመድም በየጊዜው ይታዩ።

የጭስ መለኪያው በመጀመሪያ ምዝገባ ቀን ይለያያል። ከሐምሌ 1 ቀን 1969 በፊት የተመዘገበ ቤንዚን መኪና እና ከጥር 1 ቀን 1977 በፊት የተመዘገበ ናፍጣ ጭሳቸው አይለካም። ከዚያ በኋላ ያሉት ይለካሉ። ካርብራቶሩ ከምርመራው በፊት ተስተካክሎ፣ ካንዴላው ተቀይሮ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ መቅረብ አለበት። ቀዝቃዛ ሞተር ይዞ ደርሶ መውደቅ የተለመደ ነው።

ከባድ ጉድለት ከተገኘ ለማረም አንድ ወር አለ። አደገኛ የሚባል ጉድለት ከተገኘ ግን በቀጥታ ወደ ቤት ወይም ወደ ጋራዥ ካልሆነ የትም መንዳት አይቻልም። ቀኑን ማሳለፍም ያስቀጣል፦ ከሁለት እስከ አራት ወር 15 ዩሮ፣ እስከ ስምንት ወር 25፣ ከዚያ በላይ 60 ዩሮና አንድ የትራፊክ ጥፋት ነጥብ። ከሁለት ወር በላይ ለዘገየ መኪና ምርመራው ራሱ ሰፋ ብሎ ስለሚደረግ ክፍያው ይጨምራል።

የወራት ኤች

ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ኤችና የወራት ታርጋን ማጣመር ተፈቅዷል። ቢያንስ 2፣ ቢበዛ 11 ወር ይመረጣል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የሚነዳ ቮልስ ግብሩ ወደ 112 ዩሮ ይወርዳል፤ መድኑም ይቀንሳል። ለብዙ ባለ ቮልስ ይህ ከአራቱ ሁሉ የተሻለው ነው፤ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ላሜራውን ስለሚጨርሰው መኪናው ያኔ ባይወጣም ይመረጣል።

ሁለት ነገር ግን አለው። ከተመረጡት ወራት ውጭ መኪናው መንገድ ላይ መቆምም አይችልም፤ የግል ግቢ ወይም ጋራዥ ግድ ነው። ሌላው ቁጥሩ ነው። ታርጋው ላይ የከተማው ፊደል፣ ኤች እና የወራቱ ቁጥር አብረው መግባት ስላለባቸው ቁጥሩ አጭር ይሆናል፤ ፍራንክፈርትና ኮሎኝ አንድ ፊደል ስለሆኑ ይቀላል፣ ሦስት ፊደል ያለው ወረዳ ውስጥ ምርጫው በጣም ይጠብባል። የምርመራው ወር ከወራቱ ውጭ ከወደቀ መኪናው መንገድ በሚጀምርበት የመጀመሪያ ወር ይቀርባል።

ቀዩ 07

ብዙዎች “ምርመራ የለውም” የሚለውን ሰምተው ይፈልጉታል። እውነት ነው፤ በ07 የሚሄድ መኪና በየሁለት ዓመቱ አይመረመርም። አንድ ታርጋ ለብዙ መኪና ያገለግላል፤ በአንድ ጊዜ አንዱ ላይ ብቻ ይታሰራል፤ ግብሩም ለሁሉም መኪና በአንድ ላይ 191.73 ዩሮ ነው። አምስት መኪና ያለው ሰው ይህን ቢመርጥ አያስገርምም።

አንድ መኪና ላለው ግን ወጥመድ ነው። በ07 የሚፈቀደው ወደ ታሪካዊ መኪና ዝግጅት መሄድና መመለስ፣ የሙከራ ጉዞ፣ መኪናውን ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር፣ ለጥገና ወደ ጋራዥ መሄድ ብቻ ነው። ለቡና መውጣት፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ ሙሽራ ማጀብ አይፈቀድም። እያንዳንዱ ጉዞ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ መዝገቡም ይጠበቃል። ከድንበር ውጭ ልተማመንበት ማለትም አይቻልም። ሲጠየቅ የፖሊስ ንጹህነት ማስረጃና የትራፊክ ነጥብ መረጃ ይፈለጋል፤ እያንዳንዱ መኪናም ልክ እንደ ኤች የአንቀጽ 23 ግምገማውን ማለፍ አለበት። ምርመራው ስለቀረ ደግሞ የፍሬኑ ኃላፊነት በባለቤቱ ትከሻ ላይ ነው፤ አደጋ ቢደርስ መኪናው ለመንገድ ብቁ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት በእጁ የለም።

ሠርግ የሚያጅብበት ወይም ልጆች የሚጭንበት ሰው ኤች ይውሰድ። ኤች የኪሎ ሜትርም የጉዞ ምክንያትም ገደብ የለበትም። ልጆች ካሉ ሌላ ደንብ ይታወስ። ከሚያዝያ 1 ቀን 1970 በፊት የተመዘገበ መኪና ቀበቶ እንዲኖረው አይገደድም፤ ቀበቶ በሌለው መኪና ግን ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጨርሶ አይጫንም፣ ከዚያ በላይ ያለውና 150 ሴንቲሜትር ያልደረሰ ልጅ ከኋላ ብቻ ይቀመጣል። ቀበቶ ማስገጠሙ ይሻላል።

ከውጭ ለሚመጣ መኪና

ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌላ የአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር የሚገባ መኪና ቢያንስ 30 ዓመት ከሞላው፣ እንደ ጥንቱ ከሆነና ዓይነቱ መመረቱ ካቆመ በጉምሩክ ቁጥር 9705 እንደ ሰብሳቢ ዕቃ ሊገባ ይችላል። ያኔ ቀረጥ የለም፣ የማስገቢያው ግብር 7 በመቶ ነው። እንደ ተራ መኪና ከገባ 10 በመቶ ቀረጥና 19 በመቶ ግብር ይከፈላል። ለውጡ የበዛበት መኪና በዚህ ቁጥር አያልፍም፤ አገር ቤት በተገኘው ዕቃ ስንት ጊዜ የተጠገነ ቮልስ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ስለዚህ መኪናው ከመጫኑ በፊት ሞተሩ፣ መብራቶቹና ወንበሮቹ ከዘመኑ ጋር መግጠማቸው ይረጋገጥ። ከደረሰም በኋላ የጀርመን ወረቀት ስለሌለው ከአንቀጽ 23 በተጨማሪ የአንቀጽ 21 ሙሉ ግምገማ ያስፈልገዋል።

ቢሮ የሚሄዱበት ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ለመድን ድርጅቱ ይደውሉ። የታሪካዊ መኪና መድን ብዙ ጊዜ ጋራዥ መኖሩንና ቤት ውስጥ ሌላ የዕለት መኪና መኖሩን ይጠይቃል። ሁሉም ከተስማማ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው የኤሌክትሮኒክ መድን ቁጥር ይሰጣሉ። አንዳንዶቹ ኤች ለሌለው አሮጌ መኪናም ይህን ርካሽ መድን ስለሚሰጡ፣ ለመድኑ ሲሉ ብቻ ኤች ለማውጣት አይቸኩሉ።

ቀጥሎ መርማሪው ዘንድ ቀጠሮ ሲይዙ ዋናው ምርመራና የአንቀጽ 23 ግምገማ በአንድ ቀን እንዲሆን ይጠይቁ፤ በተለያየ ቀን ከሆነ ሊፍቱ ላይ ሁለት ጊዜ መውጣትና የበለጠ መክፈል ነው። የድሮ ሊብሬ፣ የለውጥ ደረሰኝ፣ የዘመኑ ፎቶ ካለ ይዘው ይሂዱ። በመጨረሻ ወደ ምዝገባ ቢሮው የሚወሰዱት ሁለቱ የሊብሬ ክፍሎች፣ የግምገማው ወረቀት፣ የምርመራው ውጤት፣ የመድን ቁጥሩ፣ መታወቂያ፣ ግብሩ ከባንክ እንዲቆረጥ የሚፈቅደው ፎርምና ያሉት ታርጋዎች ናቸው። አዲሱን ታርጋ ከማሠራትዎ በፊት ቁጥሩ በቢሮው መያዙን ያረጋግጡ፤ ያልተያዘ ቁጥር ያለበት ታርጋ ማኅተም አይደረግበትም።